ከኋላ ተቀምጦ የተጻፈ ግምገማ፦ ለተፈናጣጭ የሚመች የሞተር ሳይክል መደገፊያ የትኛው ነው?

ስለ ሞተር ሳይክል የጀርባ መደገፊያ የሚጻፉት ግምገማዎች አብዛኞቹ የአሽከርካሪዎች ናቸው። አሽከርካሪው መደገፊያውን ይገዛል፣ ያስረዋል፣ ፎቶ ያነሣዋል፣ ከሞተሩ ቀለም ጋር መስማማቱንም ያወድሳል፤ ጀርባው ግን አንድም ቀን አርፎበት አያውቅም። እኔ የምጽፈው ከሌላኛው ወገን ነው። ባለቤቴ ያሽከረክራል፣ እኔ እፈናጠጣለሁ፤ ለረጅም ጉዞ በተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ላይ በቀን 400 እና 500 ኪሎ ሜትር በምንጓዝባቸው ጊዜያት አራት ዓይነት መደገፊያዎችን ተደግፌ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሁሉም ይመቻሉ። ልዩነታቸው መታየት የሚጀምረው ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ፣ ሄልሜቱ አንገት ላይ ሲከብድና ወገብ ማረፊያ ፍለጋ መቁነጥነጥ ሲጀምር ነው። ሱቅ ውስጥ በቆመ ሞተር ላይ አምስት ደቂቃ ተቀምጦ የሚሰጥ ፍርድን የማላምነውም ለዚህ ነው።

መደገፊያው ምን ሥራ እንደሚሠራ ካልታወቀ ምርጫው የመልክ ምርጫ ሆኖ ይቀራል። አሽከርካሪው መሪውን ስለሚይዝ የላይኛው አካሉ ክብደት በከፊል በእጆቹ ላይ ያርፋል፤ ፍጥነት ሊጨመር ወይም ሊቀነስ መሆኑንም ከማንም በፊት ያውቃል፤ የሚጨምረውም የሚቀንሰውም እርሱ ነውና። ተፈናጣጩ ሁለቱም የሉትም። ነዳጅ በተሰጠ ቁጥር ደረቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደ ፊት ይሄዳል፤ መደገፊያ ከሌለ ይህን ሁሉ የሚመክቱት የሆድና የወገብ ጡንቻዎች ናቸው፤ እነርሱም ቀኑን ሙሉ ያለ ዕረፍት ይሠራሉ። ማምሻውን ከሞተር ሲወርዱ «ምንም ሳልሠራ ደከመኝ» የሚሉ ተፈናጣጮች ተሳስተዋል፤ ሲሠሩ ነው የዋሉት። ይሁን እንጂ መደገፊያ የሚቀንሰው የዚህን ሥራ አንዱን ወገን ብቻ ነው፤ ወደ ኋላ የሚሄደውን ይይዛል፣ ፍሬን ሲያዝ ግን ምንም አይረዳም። ስለዚህ ለመግጠም ሲባል የጎን መያዣዎቹን የሚያስፈታ መደገፊያ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ በእኔ ሚዛን ከውድድር ውጭ ነው።

መጀመሪያ የተደገፍኩት ዝቅተኛውን ሲሲ ባር ነበር። ሁለት የብረት ቱቦዎች ከመቀመጫው ግራና ቀኝ ተነሥተው ከላይ ይገናኛሉ፣ ከፊታቸውም የሁለት መዳፍ ስፋት ያላት ትራስ ትታሰራለች። ቅርጹ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ባለሞተሮች ሞተራቸውን በየጓሯቸው እየቆረጡና እየበየዱ ቾፐር ይሠሩ በነበረበት ዘመን የተስፋፋ ነው፤ ያን ጊዜ ዋናው ጉዳይ መልክ ነበር፣ ይህም ጠባዩ እስካሁን አልለቀቀውም። የትራሷ የላይኛው ጠርዝ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚያልቅ ወደ ኋላ በተደገፍኩ ቁጥር ከዚያ በላይ ያለው አካሌ በጠርዙ ላይ ይታጠፋል። መደገፊያው ድጋፍ መሆኑ ቀርቶ መታጠፊያ ይሆናል ማለት ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባልደገፈው ይሻለኛል ብዬ ወደ ፊት ተጠጋሁ፣ የቀረውንም መንገድ ባለቤቴን ይዤ ጨረስኩት። ይህ ዓይነቱ መደገፊያ ለአጭር የከተማ ጉዞ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ «ወደ ኋላ ብወድቅስ» ለሚል ስጋት መልስ ይሰጣል፤ ለረጅም መንገድ ግን አይሆንም።

ከዚያ በኋላ ነው መለካት የጀመርኩት። ሙሉ የጉዞ ልብሴን ለብሼ ጠንካራ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ፤ ባለቤቴ ከወንበሩ አንሥቶ ጀርባዬ ላይ እስካለው ሰፊው የትከሻ አጥንት የታችኛው ጫፍ ድረስ ያለውን ቁመት ይለካል። የእኔ 42 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። የትራሱ የላይኛው ጠርዝ ከዚህ ልክ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ጥሩ ነው፤ ወደ አንገት ከተጠጋ ግን የሄልሜቱን የኋላ ጠርዝ እየነካ ራስን ወደ ፊት ይገፋል። የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከመቀመጫው ጋር መገጣጠም የለበትም፤ ዳሌ ወደ ኋላ ገባ የሚልበት የ10 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ቢኖር ትራሱ የሚያርፈው ድጋፍ በሚያስፈልገው በወገብ ጎድጓዳ ላይ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ገዢዎች የሚታለሉበት ነገር አለ። ሻጮች «ቁመት» ብለው የሚጽፉት ቁጥር አንዳንድ ጊዜ ከብሎኑ መግጠሚያ፣ አንዳንድ ጊዜም ከብረቱ ጫፍ እስከ ጫፍ የተለካ ነው፤ ከመቀመጫው ወለል የተለካው ብርቅ ነው። ሁለት መደገፊያዎች በወረቀት ላይ እኩል ሆነው ሲቀመጡባቸው በአንድ ስንዝር ሊለያዩ ይችላሉ።

ሙሉ ልብስ ለብሶ መለካቱ ለይስሙላ አይደለም። የጉዞ ጃኬቶች ጀርባ ላይ የሚገባው መከላከያ ጠንካራና ወፍራም ነው፤ ኢኤን 1621-2 የተባለውን የአውሮፓ መስፈርት አሟልቶ የተሠራ ከሆነ የግጭትን ኃይል ለመቀነስ ታስቦ የተሠራ እንጂ ለመደገፍ የታሰበ አይደለም። ይህ መከላከያ ጀርባን ከትራሱ በአንድ ወይም በሁለት ሴንቲ ሜትር ያርቃል፣ የሚያርፍበትንም ነጥብ ይለውጣል። በቲሸርት ተቀምጬ የወደድኩትን አንድ ትራስ በጃኬት ስቀመጥበት የመከላከያዬ የታችኛው ጠርዝ ልክ በትራሱ ስፌት ላይ ስላረፈ ቀኑን ሙሉ ሲቆረቁረኝ ውሏል። የጀርባ ቦርሳ ያዘለ ተፈናጣጭማ መደገፊያ አለው ለማለት አይቻልም፤ የሚደገፈው ቦርሳውን ነው።

የማዘንበል ልክ ከሁሉም የበለጠ ክርክር የሚያስነሣው ጉዳይ ነው፣ ከሁሉም ያነሰ ትኩረት የሚሰጠውም እርሱ ነው። ለዚህ የሆንዳ ጎልድ ዊንግ ታሪክ ጥሩ አስረጂ ነው። ጎልድ ዊንግ ለሁለት ሰው ምቾት ምሳሌ ተደርጎ ሲጠቀስ የኖረ ሞተር ሳይክል ሲሆን ሆንዳ በ2018 እ.ኤ.አ. ከሥር መሠረቱ አድሶ ቀለል ያለና አነስ ያለ አድርጎ አወጣው። የኋላው ሣጥን ወደ 50 ሊትር ዝቅ አለ፣ የተፈናጣጩም መደገፊያ ወደ ቀጥታ ተጠጋ። አሽከርካሪዎች በቅልጥፍናው ሲደሰቱ ከኋላ የሚቀመጡት ቅሬታ አሰሙ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ጎልድ ዊንግ ቱር (የኋላ ሣጥን ያለው ዓይነት) የመደገፊያው ዝንባሌ ከ16.9 ዲግሪ ወደ 24.5 ዲግሪ ላላ፤ ስፖንጁ ወፈረ፣ ቁመቱ ጨመረ፣ ሣጥኑም 61 ሊትር ሆነ። የአንድ ትልቅ ፋብሪካ መሐንዲሶች ተመልሰው የቀየሩት ስምንት ዲግሪ እንኳ የማይሞላ ነገር ነው፤ ሆኖም ሁለቱንም የተደገፈ ሰው ልዩነቱን ለማወቅ መለኪያ አያስፈልገውም። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን የተደረጉ ልኬቶችም ያሳዩት ይህንኑ ነው፤ መደገፊያው ከቀጥታ ወደ ኋላ ሲያጋድል በታችኛው የአከርካሪ አጥንት ዲስኮች ላይ ያለው ጫና ይቀንሳል።

ዝንባሌ ሲበዛ ግን ሌላ ችግር ይመጣል። መደገፊያው ከመጠን በላይ ወደ ኋላ ካጋደለ ተፈናጣጩ ከአሽከርካሪው ስለሚርቅ ክብደቱ ከኋላው ጎማ መሐል አልፎ ያርፋል፣ የፊቱም ጎማ ይቀላል። ባለቤቴ ይህን ከእኔ በፊት አውቆታል፤ በፍጥነት ስንሄድ መሪው «የሚንሳፈፍ» መሰለኝ አለ። ነፋሱም ከአሽከርካሪው ራስ በላይ አልፎ የሚመታው ይህን ወደ ኋላ የራቀ ተፈናጣጭ ነው። ስለዚህ የምፈልገው ዝንባሌው የሚስተካከል መደገፊያ ነው፤ ሦስት ደረጃ ቢኖረው ለእኔ በቂ ነው። ማስተካከያው ግን ጥርስ ያለው መሆን ይኖርበታል፤ በብሎን መጥበቅ ብቻ የሚያዝ ከሆነ ከብዙ ንዝረት በኋላ እየላላ ወደ ኋላ ይወድቃል።

ሁለተኛው የሞከርኩት ዓይነት በኋላ ሣጥን ፊት ላይ የሚለጠፈው ትራስ ነው። ብዙ ሰው የሚገዛው ይህን ይመስለኛል፤ ሣጥኑ ለማንኛውም ስለሚያስፈልግ ትራሷን መጨመር ቀላልና ርካሽ ነው። ሆኖም በአራቱ ውስጥ ያነሰ ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ነው፤ ምክንያቱም የትራሱን ቦታ የሚወስነው የሣጥኑ ማሰሪያ እንጂ የተፈናጣጩ ጀርባ አይደለም። በእኛ ሞተር ላይ በጀርባዬና በትራሱ መካከል 12 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ነበር፤ ለመደገፍ ወይ ከመቀመጫው ጠርዝ ድረስ ወደ ኋላ መሳብ ወይ መንጋለል ነበረብኝ። ሁለተኛው ጉዳይ የጥንካሬ ነው። ብዙዎቹ የኋላ ሣጥኖች በመመሪያቸው የሚፈቅዱት ጭነት 10 ኪሎ ግራም አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ነው፤ ይህ ልክ የወጣው ወደ ታች ለሚጫን ዕቃ ሆኖ ሳለ የሰው ጀርባ ሣጥኑን ወደ ኋላ ይገፋዋል፣ መቆለፊያውንም ከፊት በኩል ወደ ላይ ይስበዋል። ሣጥን ገጥሞ መደገፍ የግድ ከሆነ ማሰሪያውን ወደ ፊት የሚያስጠጋ ሳህን ማስገጠም ክፍተቱን ያጠባል፣ የሣጥኑንም ክብደት ወደ ሞተሩ መሐል ያመጣል። እንደ ቢኤምደብሊው ኬ 1600 ጂቲኤል ወይም እንደ ጎልድ ዊንግ ቱር ሣጥኑና መደገፊያው ከፋብሪካ አንድ ላይ ታስበው የተሠሩባቸው ሞተሮች ግን ከዚህ ወቀሳ ውጭ ናቸው፤ እነርሱን በሦስተኛ ዓይነት እቆጥራቸዋለሁ፣ ከተደገፍኳቸውም ሁሉ ለወገቤ የተሻሉት እነርሱ ናቸው።

አራተኛው፣ አሁንም የምንጠቀምበት፣ ተነቃዩ መደገፊያ ነው። በመቀመጫው ግራና ቀኝ አራት የመያዣ ጉጦች በቋሚነት ይታሰራሉ፤ የመደገፊያው ሁለት ጎኖች በጉጦቹ ላይ ይሰካሉ፣ በእጅ በሚዘጋ መቆለፊያም ይያዛሉ። ለማውለቅም ለመግጠምም ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ባለቤቴ ብቻውን ሲሄድ አውልቆት ይሄዳል፤ እኔም አልከፋም። የተነቃይ ሁሉ ድክመት ግን ከጉጦቹ ላይ ላላ ብሎ መነቃነቁ ነው፦ በጉጦቹ ላይ ያሉት ጎሚኒዎች እያለቁ ሲሄዱ ብረቱ ከብረት ጋር ይገናኝና በሻካራ መንገድ ላይ ቋ፣ ቋ ማለት ይጀምራል። አሽከርካሪው በነፋሱ ምክንያት አይሰማውም፣ ተፈናጣጩ ግን በጀርባው ይሰማዋል። ጎሚኒው ለብቻው የሚሸጥ መሆኑን ሳያረጋግጡ ተነቃይ መግዛት ተገቢ አይመስለኝም። የእኛ የመጀመሪያው ተነቃይ ጎሚኒው ለብቻው ስለማይሸጥ ነው የተጣለው፤ የሠሪውን ስም እተወዋለሁ።

«ለሁሉም ሞተር ይሆናል» የሚል ጽሑፍ ያለበትን እንኳን ልገዛው አላየውም። መግጠሚያ በሞተሩ ዓይነት ብቻ ሳይሆን በተሠራበት ዓመትም ይለያያል። ሃርሊ ዴቪድሰን በ2009 እ.ኤ.አ. ቱሪንግ የተባሉትን የረጅም ጉዞ ሞተሮቹን ሻንሲ ሲለውጥ የመደገፊያና የሣጥን መያዣዎቹም አብረው ስለተለወጡ ከዚያ በፊት ለነበሩት የተሠራው በኋለኞቹ ላይ አይገባም፤ ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ይህ በተደጋጋሚ የሚፈጸም ስሕተት ነው።

ስለ ጥንካሬ አንድ ቀላል ስሌት ልጨምር፤ እኔን ከማንኛውም ማስታወቂያ በላይ አስተምሮኛልና። መደገፊያውን በ20 ኪሎ ግራም ልክ ብገፋውና ግፊቱ የሚያርፈው ከብሎኖቹ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ቢሆን፣ በአንድ ጎን ያሉት ሁለት ብሎኖች ደግሞ በ6 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ግፊቱ በግራና በቀኝ ተካፍሎ እንኳ እያንዳንዱ ብሎን የሚሸከመው 50 ኪሎ ግራም ያህል ነው። ብሎኖቹ በ12 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ ይህ ጫና በግማሽ ይቀንሳል። 20 ኪሎ ግራም ደግሞ ብዙ አይደለም፤ ሞተሩ በኃይል ሲነሣ ወይም ጉድጓድ ሲገባ በቀላሉ ይደረስበታል። ስለዚህ መደገፊያ ሳይ መጀመሪያ የማየው ትራሱን ሳይሆን የብሎኖቹን መራራቅና የመያዣውን ሳህን ውፍረት ነው። ብየዳው ከሥር የተዝረከረከ ከሆነ ላዩ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ አልፈዋለሁ። ብሎኖቹ መካከለኛ ጥንካሬ ባለው የብሎን ማጣበቂያ ታስረው መመሪያው በሚያዘው ልክ መጥበቅ ይኖርባቸዋል፤ ከመጀመሪያው ረጅም ጉዞ በኋላ እንደገና ማየትም ያስፈልጋል፤ እኛ ስናይ ከስምንቱ አንዱ ላልቶ አግኝተነዋል።

ትራሱን በሚመለከት ለስላሳነት ምቾት አይደለም። በአውራ ጣት ሲጫኑት ዘልቆ ከብረቱ ወይም ከፕላስቲኩ መደብ ጋር የሚገናኝ ስፖንጅ ከጥቂት ወራት በኋላ የለም ማለት ይቻላል። ጥቅጥቅ ያለው ስፖንጅ ሱቅ ውስጥ የደረቀ ይመስላል፣ አራተኛው ሰዓት ላይ ግን ቅርጹን ይዞ ይገኛል። ሜሞሪ ፎም የተባለው በሙቀት የሚለሰልስ ስፖንጅ በብርድ ይጠነክራል፤ ማለዳ ስንነሣ እንደ ጣውላ፣ ቀትር ላይ እንደ ሊጥ ሆኖብኛል፤ ስለዚህ ከላይ በስሱ ቢደረብ እንጂ ሙሉ ትራሱ ከርሱ ባይሆን እመርጣለሁ። ስፋቱ ከ25 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ትራስ አከርካሪውን ብቻ ይጫናል፤ ሰፋ ብሎ በመሐሉ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ያለው ግን ጫናውን በግራና በቀኝ ጡንቻዎች ላይ ያከፋፍለዋል። ትራሱ ሲወፍር የመቀመጫውን ርዝመት እንደሚበላም መዘንጋት የለበትም፤ 8 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ትራስ ተፈናጣጩን በዚያው ልክ ወደ አሽከርካሪው ይገፋዋል፣ ከዚያም በፍሬን ጊዜ ሄልሜት ከሄልሜት መጋጨት ይበዛል።

የክንድ ማረፊያ ያላቸው መደገፊያዎች፣ ለምሳሌ ቱር-ፓክ በተባለው የሃርሊ የኋላ ሣጥን ዙሪያ እንደሚጠቀለለው ያሉት፣ በቀጥተኛ መንገድ ላይ ድንቅ ናቸው። ክንድ ሲያርፍ ትከሻ ያርፋል። መውጣትና መውረድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከፍ ያለ መደገፊያ ባለበት ሞተር ላይ እግርን ከኋላ አዙሮ መሻገር ስለማይቻል ተፈናጣጩ የግራውን መርገጫ ረግጦ፣ የአሽከርካሪውን ትከሻ ይዞ፣ ጉልበቱን አጥፎ በአሽከርካሪውና በመደገፊያው መካከል ባለች ጠባብ ቦታ እግሩን ያሳልፋል። የክንድ ማረፊያው የማይታጠፍ ከሆነ ይህች ቦታ ይበልጥ ትጠባለች። ጉልበቱን የሚያመው ሰው መደገፊያውን ከመግዛቱ በፊት ሞክሮ ማየት ያለበት ከመቀመጡ ይልቅ መውጣቱን ነው። አሽከርካሪውም በዚህ ጊዜ ሁለት እግሩን መሬት ላይ አጽንቶ ሞተሩን ቀጥ አድርጎ መያዝ አለበት።

መደገፊያ ተገጥሞም ወገብ መጎዳቱ ካልቀረ ጥፋቱ የሞተሩ የኋላ ሞላ (ስፕሪንግ) ሊሆን ይችላል። ለአንድ ሰው በተስተካከለ የኋላ ሞላ ላይ ሁለት ሰው ሲቀመጥ ሞተሩ ከኋላ ይሰምጣል፣ ጉድጓዱም በቀጥታ ወደ ጀርባ ይመጣል። ጎልድ ዊንግ ቱር ላይ ለብቻ፣ ለብቻ ከነዕቃ፣ ለሁለት ሰው፣ ለሁለት ሰው ከነዕቃ እየተባለ አራት ደረጃ መኖሩ ይህን የማስተካከል ሥራ ያቀልለዋል፤ በሌሎች ሞተሮች ላይ በመፍቻ ወይም በእጅ በሚዞር ቁልፍ ይሠራል፣ ብዙ አሽከርካሪዎችም ይረሱታል። ባለቤቴም ሁለት ዓመት ረስቶት ነበር፤ በዚያ ጊዜ ሁሉ የወቀስኩት ትራሱን ነው።

ፍርዴ ይህ ነው። ሞተሩን ገና ለሚገዙና በአብዛኛው ሁለት ሆነው ለሚጓዙ መደገፊያው ከሣጥኑ ጋር ከፋብሪካ የተሠራለትን ሞተር ተፈናጣጩ ራሱ ተቀምጦበት ይምረጥ፤ ጎልድ ዊንግ ከሆነ የ2021ን ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራውን ቱር እመክራለሁ። ሞተር ላላቸው ዝንባሌው በጥርስ የሚስተካከል፣ ጎሚኒው የሚለወጥ፣ ቁመቱ በጃኬት የተለካ ተነቃይ መደገፊያ ከሁሉ ይሻላል። የእኛው እነዚህን ሁሉ ያሟላል፤ ከአምስት አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን ነጥብ የቀነስኩት ልባሱ ታች በኩል ያለው ስፌት ውሃ ስለሚያስገባ ነው፤ ዝናብ ባደረ ማግሥት ትራሱን በሁለት እጄ ጨምቄ ውሃ አለመያዙን ሳላይ አልፈናጠጥም።